የዓሣዎቹ ነጠላ

መምህር ይርዳው በመስታወት ውስጥ ጋኔን ያስቀምጣል ብሎ ያወራ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው ሁሉ ዋሽቷል። ያስቀመጠው ከጣና ዳር ያመጣቸውን ትንንሽ ዓሣዎች ነው። በጃንሆይ ዘመን ለማስተማር ወደዚህች የእስቴ ከተማ ሲመጣ፣ የመስታወቱን ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከአውቶቡስ ወረደ።

ክፍል የተከራየው ከመሪጌታ አድማሱ ግቢ ነበር። ልጃቸው ፈትለወርቅ ክፍሉን ልትጠርግ ስትገባ ዓሣዎቹን ሳታይ አትወጣም፤ እሱም እሷን ሳያይ ትምህርት ቤት አይሄድም። ይህን ግን አንዳቸውም አፍ አውጥተው አልተናገሩም። መሪጌታ ደግሞ ልጃቸውን ለአንድ የስማዳ ሰው ሊድሩ አስበዋል።

ይርዳው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሰማያዊ ወረቀት ውሃው ውስጥ ይነክራል። ወረቀቱ ከቀላ ውሃው ኮምጥጧል ማለት ነው፤ የኮመጠጠ ውሃ ዓሣ ይገድላል። እንዳይኮመጥጥ ብሎ የዛጎል ስባሪ ከሥሩ አንጥፏል። ከጥምቀት ወዲህ ግን ወረቀቱ መቅላት ጀመረ።

«ፈትሌ፣ ሎሚ ጨምቀሽበታል?» አላት አንድ ቀን በቁጣ።

«ምን በወጣኝ?»

«ከአንቺ በቀር እዚህ የሚገባ የለም።»

መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። የተማረ ሰው ሳይመረምር ሲፈርድ ካልተማረው ይከፋል፤ ይርዳው ወረቀቱን አመነ፣ ልጅቱን አላመነም።

በማግስቱ ለምሳ ቀደም ብሎ ሲመለስ መስኮቱ ተዘግቷል። የመስታወቱ ሣጥን በተደራረበ የፈትለወርቅ ነጠላ ተሸፍኗል። እሷ አጠገቡ ቆማለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት እየመጣ ያፈጥጥባቸዋል። ቡዳ እንዳይበላቸው ብዬ ነው» አለች ሳታየው። «ስትወጣ አለብሳቸዋለሁ፤ ስትመጣ አነሣለሁ።»

የይርዳው ቁጣ ወደ ራሱ ዞረ።

«ይተነፍሳሉ እኮ። ትንፋሻቸው መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ውሃውን ያኮመጥጠዋል።»

«ልገድላቸው ነበራ?»

«አንቺማ እንደ ልጅሽ አለበስሻቸው። ያጠፋሁስ እኔ ነኝ።»

በዚህ መሐል መሪጌታ በሩ ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ የልጄ ነጠላ ከወንደላጤ ቤት ምን ይሠራል?»

ፈትለወርቅ መሬት መሬት አየች። ይርዳው ስለ ቡዳው ብቻ ተናግሮ ማምለጥ ይችል ነበር።

«ዓሣዎቼን ስትጠብቅልኝ ነው» አለ። «እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ፣ መሪጌታ። እባክዎ እስከዚያ ለስማዳው ሰው ቃል አይስጡ።»

መሪጌታ ውሃውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ?»

«ለጠላሁት ሰው ዓሣ ነጠላዬን አላለብስም፣ አባባ።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪጌታ አገር ምድሩን እየጠየቁ አስጨነቋቸው፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን እሺ አሉ።

ከሠርጉ በኋላ መሪጌታ ወደ ሙሽሮቹ ክፍል ገብተው፣ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ ከመስታወቱ ጥግ አሰሩ።

«ለቡዳው ይሄ ይበቃል። አንተ መስኮቱን ክፈትላቸው።»

ይርዳው ሊከራከር አፉን ሲከፍት ፈትለወርቅ በዓይኗ ከለከለችው። አማቱ እስኪወጡ ጠብቆ ወረቀቱን ነከረ።

«አልቀላም» አላት።

«የአባባ ክታብ ነዋ» አለችው፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያጣፋች።

ይርዳው ሳቀ፤ ሄዶም መስኮቱን ከፈተ።