በጠርዙ ያዘው

«በጠርዙ ያዘው! በጠርዙ!»

ሰላዩ እጁን ሰበሰበ። ነቃብኝ ብሎ ነበር። የጦር መሣሪያ ደላላው ግን የጮኸው ለሰዓቱ ሰስቶ ነው።

«በአውራ ጣት ከተጫንከው ይቆማል። ቤቴ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይሄንን ነው።»

ሰዓቱ ከሳንቲም አይወፍርም። ፊቱም ጀርባውም መስታወት ነው። ጥርሶቹ፣ ሞላው፣ ሁሉም ተራቁቶ ይታያል።

ደላላው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። «ሌላው ሰብሳቢ ወርቁን ይወዳል። እኔ ይሄን። ለምን መሰለህ? ሆዱ ይታያል። የሰው ሆድ ግን... ለመሆኑ ያንተ ሆድ ምን ይዟል?»

«ርሃብ፣ ጋሼ። ቁርስ አልበላሁም።»

ደላላው ሳቀ። ሰላዩም አብሮ ሳቀ። በሰዓት ጠጋኝ ስም እዚህ ቤት የገባው፣ ከስለላ መሥሪያ ቤቱ የሰላዮችን ስም እያወጣ ለደላላው የሚሸጠውን ሰው ለማግኘት ነው። ሦስት ጓደኞቹ ተሸጠው ሞተዋል።

ሰዓቱን ላጽዳው ብሎ ተረክቦ ወጣ።

መኪና ውስጥ የሚጠብቀው የሥራ ባልደረባውና አማቹ ነው፤ የእህቱ ባል። በሥራ ስሙ «ምሰሶ» ይሉታል።

«አመጣኸው? በል ስጠኝ፣ ድምፅ መጥለፊያዋን የቆዳ ማሰሪያው ውስጥ ልሸጉጣት።»

ሰላዩ አቀበለው።

አማቹ በሁለት ጣቱ ተቀበለ። ትንፋሹን ውጦ።

በጠርዙ።

ይሄ ሰው የሻይ ብርጭቆ እንኳ በወጉ አይዝም። የነካውን ሁሉ ይሰብራል እያለች እህቱ ስታማርር ነው የኖረችው።

«እንዲህ መያዝ ማን አስተማረህ?»

«ምኑን?»

«ሰዓቱን። ደላላው ቤት ገብተሃል።»

«አንተን አልሸጥኩህም! ልጆቼን ይንሳኝ! ዛሬ እንደምትገባ እያወቅሁ ትንፍሽ አላልኩም።»

ሰላዩ አመነው። ማመኑ ይብስ አንገበገበው።

ስልኩን አውጥቶ ለአለቃው ደወለ። «አጎቴ፣ በሽተኛው ተገኝቷል። መኪናው ውስጥ ነው።»

አማቹ አልሮጠም። ሰዓቱን ቀስ አድርጎ መለሰለት። «አደራህን፣ ለእሷ አትንገራት» አለ።

ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዱት።

ሰላዩ ሰዓቱን ኪሱ ከቶ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሲሄድ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት።

«ምሳው ቀዘቀዘ እኮ! የት ናችሁ ሁለታችሁ?»

ሰላዩ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ወንድምዬ? ኧረ አናግረኝ! ለእሱ ስጠው እስቲ።»

ዘጋው። ኪሱ ውስጥ የነበረ እጁን ሲያወጣ ሰዓቱ ቆሟል። ሳያውቀው በአውራ ጣቱ ጨምቆት ኖሯል።

አውቶቡሱ መጣ። ከሰልፉ ጋር ተጋፍቶ ገባ፤ ማንም ልብ አላለውም።