የዘንዶው ዓመት በስንት ቀን ይገባል

በ፲፱፻፹ ዓመተ ምሕረት ጥር ወር ሲያልቅ፣ በኮሎምበስ ከተማ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ በነበረ አንድ የማታ ትምህርት ቤት የቻይንኛው ክፍል ሁኔታ እንደሚከተለው ነበር፤ ሃያ ሁለት ተማሪዎች፣ ሁሉም ኢትዮጵያውያን፣ ሁሉም በሪከንባከር የጭነት መጋዘን ሠራተኞች፤ አንዲት መምህርት፣ ወይዘሮ ሊን፤ አንድ ረዳት መምህር፣ አቶ ማዘንጊያ፤ ትምህርቱ ሰኞና ሐሙስ ማታ። መጋዘኑ በካርቶን ላይ የተጻፈ ቻይንኛ ለሚያነብ ሠራተኛ እድገት ይሰጥ ስለ ነበር ክፍሉ ተከፈተ፤ ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ኃላፊ በቻይናውያን አዲስ ዓመት ማታ መጥተው ሃያ ተማሪ ካልቆጠሩ እንደሚዘጉት አስታውቀዋል።

ማዘንጊያ ቻይንኛውን የለቀመው የወረታና የወልድያ መንገድ ሲሠራ ለቻይናውያኑ ቀያሾች የመለኪያ ሰንሰለት እየጎተተ ነው። በኮሎምበስ ስድስት ዓመት ሣጥን ከተሸከመ በኋላ፣ በሳምንት ሁለት ማታ ጠመኔ ይዞ ሲቆም «መምህር» ይሉታል፤ ክፍሉ ከተዘጋ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሰው አይኖርም።

ወይዘሮ ሊን ስለ ቻይና ታሪክና በዓላት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በአማርኛ እንዲያዘጋጅ ጠየቁት።

«ቀኖቹን ከግድግዳው ካላንደር ላይ ይገልብጡ» አሉት።

ካላንደሩ ግሮሰሪ በነጻ ያደለው፣ የዓሣ ሥዕል ያለበት ወረቀት ነበር። ማዘንጊያ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ባሕረ ሐሳብን፣ ፋሲካ የሚወጣበትን የጨረቃ ስሌት፣ ከአባቱ ተምሯል፤ የቻይናውያኑም አዲስ ዓመት በጨረቃ ልደት ይገባል፤ ጨረቃም አንዲት ናት። ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን አውጥቶ ሦስት ጊዜ አሰላ፤ ሦስቱንም ጊዜ የካቲት ፲፭ ቀን ማክሰኞ ወጣለት።

መጽሐፉን ፎቶኮፒ የምታነሣው ተማሪዋ ዘርፌ ነበረች።

«ጋሼ ማዘንጊያ፣ ኧረ ለወይዘሮ ሊን ኮል አድርገው ቀኑን ቼክ ያድርጉ።»

«አባቴ አርባ ዓመት ፋሲካ አውጥተዋል፤ አንድም ቀን ስተው አያውቁም። እኔ በዓሣ ሻጭ ወረቀት ልታረም?»

«ዓሣ ሻጩ እኮ ቻይናዊ ነው።»

«አንቺ ፎቶኮፒሽን አንሺ።»

«እሺ። ግን ይሄ ዓመቱ የተሰየመበት ዘንዶ ቅዱስ ጊዮርጊስ የወጋው ነው ወይስ ወንድሙ?»

«የእነርሱ ዘንዶ ዝናብ አምጪ ነው፤ ገጽ ሦስት ላይ ጽፌዋለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ የሚያነብ የለ።»

በእርግጥም አያነቡም ነበር፤ ስልክ እየደወሉ ያደክሙት ነበር። በዓሉ መቼ ነው? ምን ይበላል? ጾሙ ገብቶ የለም ወይ? ማዘንጊያም እየተማረረ «መጽሐፉ ላይ አለ» ይላል፤ ከዘርፌ በቀር ሁሉንም በመጨረሻ ከመጽሐፉ ውጭ ምንም እንዳያምኑ አደረጋቸው። ወይዘሮ ሊን አማርኛ ስለማያነቡ፣ በክፍል የተናገሩት «በአዲስ ዓመት ማታ እንገናኝ» ብለው ብቻ ነው።

የካቲት ፱ ቀን ረቡዕ ማታ ማዘንጊያ ለማክሰኞው በዓል አስቀድሞ ወንበር ሊያስተካክል ሄደ፤ በሩ ላይ የአዲስ ዓመቱ ቀይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘ። ወይዘሮ ሊን ቀይ ሹራብ ለብሰው ቆመዋል፤ ዐቢይ ጾም ሰኞ መግባቱን አስታውሰው፣ ሥጋም እንቁላልም ያልነካው፣ በሊጥ የተጠቀለለ ጎመን ለሃያ አምስት ሰው አዘጋጅተዋል፤ ኃላፊው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። ከተማሪዎቹ የመጡት ዘርፌና ሌሎች ሦስት ናቸው፤ ሻይ ቅጠል ሊገዙ ግሮሰሪ ገብተው ቀይ ወረቀት ሲሰቀል አይተው ነው።

«ሌሎቹስ?» አሉት ወይዘሮ ሊን።

«በዓሉ እኮ ማክሰኞ ነው።»

«የትኛው ማክሰኞ?»

ማዘንጊያ ስሌቱን ይዘረዝር ጀመር፤ ጨረቃ በየዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ነበረችበት እንደምትመለስ ሲነግራቸው ወይዘሮ ሊን እጃቸውን አነሡ።

«ዐሥራ ዘጠኙን እኛም ከጥንት ጀምሮ እናውቀዋለን። ሰማይ እያየን ግን በየዘመኑ እናርመዋለን። የእናንተን ለመጨረሻ ጊዜ ያረመው ማን ነው?»

ማዘንጊያ በወረታ መንገድ፣ ሰንሰለቱን ጠዋት ጠዋት ከብረቱ መለኪያ ጋር ሳያስተያይ ሥራ የጀመረበት ቀን አልነበረም፤ የአባቱን ስሌት ግን አንድ ማታ እንኳ ወጥቶ ከጨረቃዋ ጋር አላስተያየውም። በየዘመኑ ሳይታረም የቀረው ስሌት ከጨረቃዋ ስድስት ቀን ዘግይቷል።

ዘርፌ ከኮሪደሩ ስልክ ትደውል ጀመር፤ የሚበዙት ሥራ ላይ ናቸው። ያነሣላት ለማ የሚባለው ተማሪ ብቻ ነው።

«ገጽ ስድስት ላይ የካቲት ዐሥራ አምስት ይላል።»

«ስሕተት ነው፤ ዛሬ ነው። ና።»

«ጋሼ ማዘንጊያ ተሳሳቱ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«እሳቸው አይሳሳቱም» ብሎ ዘጋው።

ማዘንጊያ ኃላፊውን ማክሰኞ እንዲመለሱ ለመናቸው፤ እርሳቸውም ውሳኔው በነጋታው ጠዋት እንደሚላክ ነግረውት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደብተራቸውን አጠፉ።

በትምህርት ቤቱ መዝገብ ውስጥ ስለዚያ ክፍል የቀረው አንድ መስመር ነው፤ «ለቋንቋው ፍላጎት ስለታጣ ተዘግቷል፤ የተገኙ ተማሪዎች፣ አራት» ይላል። ስለ ባሕረ ሐሳቡም፣ ስለ ጾሙ ጎመንም ቃል የለበትም፤ መዝገብ የመጣን ይቆጥራል እንጂ ያልመጣ ለምን እንዳልመጣ አይጠይቅም። በማግስቱ ሐሙስ ማታ፣ ውሳኔው ከተላከ ዐሥር ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ለመደበኛው ትምህርት በክፍሉ የተቀመጡት ሃያ አንድ ነበሩ።