የሸሚዙ ኮሌታ

ይህን ታሪክ ፈጥሬው ቢሆን ኖሮ ራሴን ትንሽ ደግ አድርጌ እጽፍ ነበር። አልፈጠርኩትም። እንደሆነው ነው የምነግራችሁ።

እያወራሁ ፈገግ ስል ብታዩኝም ደስ ብሏት ነው እንዳትሉ። ለምን ፈገግ እንደምል መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ጠራራ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠርሙሶቼ ላይ ተጋድማለች።

ክፉ ነገር ጨለማ ጠብቆ ነው የሚመጣው ያላችሁ ሰው ካለ... ዋሽቷችኋል።

የምሠራው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ከአንድ መነጽር ቤት በላይ ሁለት ክፍል አሉን። በአንደኛው እህቴ ሰው ታሻለች። በሌላኛው እኔ የመዓዛ ዘይት እቀምማለሁ፤ ከአበባ፣ ከቅጠልና ከልጣጭ የሚወጣውን። እንቅልፍ ለራቀው ላቬንደር። አፍንጫው ለታፈነ ባሕር ዛፍ። ባሏ ለሄደባት ጽጌረዳ። ባሏ ለተመለሰባት ደግሞ... ላቬንደሩን እጥፍ አደርግላታለሁ።

ደንበኞች «አፍንጫዋ» ይሉኛል። እህቴ በሩ ላይ በትልቁ ለጥፋዋለች፦ «አንዴ ካሸተተች አትስትም።»

ምስጢሩን ልንገራችሁ?

አፍንጫዬ አይሠራም።

ከአሥራ አንድ ወር በፊት ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋኑ ሲሄድ ሽታን ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ሄደ። ሽንኩርት አምጡልኝ፣ ቤንዚን አምጡልኝ፣ ለእኔ ያው ውሃ ነው።

ለማንም አልተነፈስኩም። እህቴን አታውቋትም። ሳቋ ማር፣ ምላሷ መጋዝ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ቀማሚ አንድ ቀን ላቬንደሩን ከናና ብታምታታባት፣ ዕቃዋን ሰብስባ ደረጃው ላይ ነው ያስቀመጠችላት። «አፍንጫ የሌለው ቀማሚና ጥርስ የሌለው ውሻ አላኖርም» ትላለች። እኔ ደግሞ የማድረው እሷው ቤት ነው። እንጀራዬም፣ መኝታዬም፣ ስሜም የተንጠለጠሉት በዚህች አፍንጫ ላይ ነው።

ስለዚህ ከደብተር እያየሁ፣ ጠብታ እየቆጠርኩ እሠራ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ዘይት የነካ ማሽተቻ ወረቀት አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ «እምምም...» እላለሁ። ደንበኛውም አብሮኝ «እምምም...» ይላል። በሆዴ እስቅበታለሁ። የዋህ ሰው ማታለል እንዴት እንደሚጥም... ተዉት፣ ታውቁታላችሁ።

ያን ማክሰኞ አንዲት ሴትዮ ገቡ።

ስልሳዎቹን ያለፉ፣ ጥቁር የለበሱ። በእጃቸው አፉ የታሰረ ላስቲክ ይዘዋል። በላስቲኩ ውስጥ ሌላ ላስቲክ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ። የመጨረሻው ውስጥ ነጭ የወንድ ሸሚዝ።

«የባለቤቴ ነው» አሉ። «ሞቷል። የሱን ሽታ ቀምሚልኝ።»

«እንቅልፍ እምቢ ብሎዎት ነው፣ እማማ?»

«እሱ ነው እምቢ ያለው።»

የሐዘን ንግግር መሰለኝ።

እህቴ ጎን ክፍል በሯን ዘግታ፣ በላቬንደር እንፋሎት ተውጣ ደንበኛ ታሻለች። ላስቲኩን ፈታሁ። ሸሚዙን አውጥቼ ፊቴን ቀበርኩበት። በረዥሙ ሳብኩ።

ምንም።

ቆየሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ፈገግ አልኩ።

«እምምም... ጥሩ ሰው ነበሩ።»

ሴትዮዋ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ጭምቅ አድርገው ይዘው ነበር። ለቅሶ መሰለኝ። ዓይናቸው ግን ደረቅ ነው።

«ፈገግ አልሽ» አሉ በሹክሹክታ።

«ምን ላድርግ እማማ፣ ደስ የሚል ሽታ ነው።»

«ድገሚው። ጮክ በይ።»

«ደስ የሚል ሽታ ነው!»

ሴትዮዋ ከእኔ ትከሻ አሻግረው ተመለከቱ።

«ሰማህ?» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ሸሚዙንና ስልክ ቁጥራቸውን ትተውልኝ ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ ሰማኋቸው... እንደ ልጃገረድ እየሮጡ።

ማሽተት የማይችል ሰው የሸሚዝ ሽታ እንዴት ይቀምማል? በተንኮል ነዋ። አበባ ዘይት ውስጥ ሲዘፈዘፍ ሽታውን ለዘይቱ ይለቃል። ሸሚዝስ ከአበባ በምን ያንሳል? ኮሌታውን በመቀስ ቆረጥኩና ወይራ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። የተረፈውን ሸሚዝ በሦስቱ ላስቲክ መልሼ አሰርኩ።

በስድስተኛው ቀን አጠለልኩት። ቅርንፉድ፣ ጥድና ብዙ ብርቱካን ጨመርኩበት።

ሸሚዙ ነጭ ነበር። ዘይቱ ግን ጠቁሯል።

ሦስት ጠብታ በማሽተቻ ወረቀት ላይ አንጠብጥቤ፣ ከጠረጴዛዬ በላይ በተወጠረው ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩት፤ ከሌሎቹ ወረቀቶች ተርታ። የሥራው ደንብ ነው። ሽታ እንደ ሕንፃ ፎቅ አለው። የላይኛው ፎቅ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተኖ ያልቃል። መካከለኛው እስከ ማግስቱ ይቆያል። ምድር ቤቱ ግን ቀናት ይሰነብታል። እውነተኛው ሽታ እሱ ነው። ጥሩ ቀማሚ የሚጠብቀውም እሱን ነው።

እህቴ አንገቷን በበሩ አስገባች።

«ውይ፣ ብርቱካን!»

የላይኛው ፎቅ።

በማግስቱ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ከመታሻው አልጋ ላይ ዘላ ተነሳች። ፎጣዋን ደረቷ ላይ ይዛለች።

«ወንድ አለ እንዴ እዚህ?»

«ኧረ የለም!» አለች እህቴ።

«ትንባሆ ይሸታል። ላብም... እዚህ፣ ጆሮዬ ሥር።»

መካከለኛው ፎቅ።

በሦስተኛው ቀን የገባው ሁሉ ተመልሶ ወጣ። የመነጽር ቤቱ ሰውዬ ደረጃውን እስከ አጋማሽ ወጥቶ ቆመ።

«እናንተ ሴቶች፣ የሰው በሽታ ስታክሙ አይጥ ሞቶባችኋል!» ብሎ ጮኸ። ቀልዱን ሳይጨርስ አፉን ይዞ ወረደ።

እህቴ ፊቷን በመሐረብ ሸፍና መጣች።

«ምንድን ነው ይሄ? ከየት ነው የሚመጣው? አሽትቺ እስቲ፣ አንቺ አይደለሽ አፍንጫዋ!»

አየር ሳብኩ። ምንም። መገመት ነበረብኝ።

«ከመስኮቱ ነው። ከውጭ።»

እህቴ መሐረቧን ዝቅ አድርጋ ጠጋ አለችኝ።

«ከአንቺ ነው የሚመጣው» አለች።

ጠርሙሱን፣ ሸሚዙን፣ ሁሉንም ይዤ ወረድኩና ሦስት መንገድ ተሻግሬ ጣልኳቸው። ያንን ወረቀት ግን ከገመዱ ላይ ረሳሁት። ታጠብኩ። ልብሴን ቀየርኩ። ስመለስ ደረጃው ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ግድግዳው ላይ ተለጠፉልኝ።

ካለፍኳቸው በኋላም እንደተለጠፉ ቆዩ... ከኋላዬ የሚመጣ ሌላ ሰው እስኪያልፍ እንደሚጠብቁ።

ለሴትዮዋ ደወልኩ።

«እማማ፣ ያ ሸሚዝ ምንድን ነው?»

ድምፃቸው እንቅልፍ የጠገበ ሰው ድምፅ ነበር።

«የሞተ ዕለት የለበሰው ነዋ። እህቴ ቤት ሰንብቼ ስመለስ ነው ያገኘሁት። አራት ቀን ሆኖት ነበር። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ።»



«ቀበርነው። ሽታው ግን ወደ ቤት ተመለሰ። ማእድ ቤት ስገባ ማእድ ቤት፣ ስተኛ ትራሴ ላይ። ሸሚዙን ሦስት ቀማሚ ጋ ወሰድኩት። አንዱ አስመለሰው። አንዷ ወረወረችብኝ። አንዱ በሩን ጠረቀመብኝ። አንቺ ግን ፈገግ አልሽለት።»

«እማማ፣ እኔ እኮ...»

«አርባ ዓመት አብሬው ኖርኩ። ማንም ፈገግ ብሎለት አያውቅም። እኔም ብሆን።» ትንሽ ሳቁ። «ዛሬ ቤቴ ምን ይሸታል መሰለሽ? ሳሙና።»

ስልኩ ተዘጋ።

የቀረችኝ እህቴ ብቻ ነበረች። እሱ የት እንዳለ የሚያውቅ አፍንጫ ያስፈልገኝ ነበር። እሷን ወደ ክፍሌ ጠርቼ በሩን ዘጋሁና የሴትዮዋን ነገር ሁሉ ነገርኳት፤ ፈገግታውን ጭምር። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሩብ ይላል።

«እትዬ... እኔ አይሸተኝም።»

«ምኑ?»

«ምንም። ከታመምኩ ጀምሮ። አሥራ አንድ ወር ሆነኝ።»

አየችኝ። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ።

«አፍንጫዋ አፍንጫ የላትም! እህህ! በሩ ላይ የለጠፍኩትን አስቢው! እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ...» እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ሳቋ መሀል ላይ ተቆረጠ።

«ታዲያ... አሁንም አይሸትሽም?»

«አይሸተኝም።»

«የት እንዳለ አታውቂም ማለት ነው?»

መሐረቧን ከፊቷ አነሳች። ቀስ እያለች አየሩን ሳበች። ፊቷን አዞረች። ከእኔ ትከሻ... ወደ ጠረጴዛው... ወደ ጠርሙሶቹ... ወደ መስኮቱ... ወደ በሩ።

በሩ ላይ ተደግፋ የቆመችው እሷ ራሷ ነበረች።

«እትዬ?»

«ዝም በይ» አለች። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። «እዚህ ነው። ፊቴ ላይ ነው።»

«ምን ላድርግ?»

«ፈገግ በይለት።»

«ምን?»

«እንዳደረግሽው አድርጊ! ፈገግ በይለት፣ ወዳንቺ ይምጣ!»

ፈገግ አልኩ። ጉንጬ እየተንቀጠቀጠ፣ ማንም ለሌለበት አየር ፈገግ አልኩ።

«ደስ የሚል... ደስ የሚል ሽታ ነው» አልኩ።

የእህቴ ትከሻ ወረደ። ተነፈሰች። በጥልቀት፣ እንደ ዳነ ሰው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ለቅጽበት ያዘነችልኝ መሰለኝ።

በሩን ከፍታ ወጣች።

ቁልፉ ከውጭ በኩል ሁለት ጊዜ ዞረ።

«እትዬ! እትዬ፣ ክፈቺልኝ!»

«አፍንጫ የሌለው ቀማሚ አላኖርም ብዬሽ ነበር» አለች በበሩ ማዶ። እየቀለደች እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ጫማዋ ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁ።



መስኮቱ ዝግ ነው። ነፋስ የለም። ከጠረጴዛዬ በላይ በገመዱ ላይ አሥራ አራት ወረቀቶች ተንጠልጥለዋል።

የመጀመሪያው ተንቀሳቀሰ።

ጫፉ ወደ ፊት ተሳበ... ሰው አፍንጫው ሥር ይዞ አየር ሲስብ እንደሚሳበው... ከዚያ ተመለሰ።

ላቬንደር።

ሁለተኛው ተሳበ። ተመለሰ። ናና።

ሦስተኛው። ጥድ።

በተራ። ሳይቸኩል። እንደ ጥሩ ቀማሚ።

የራሱ ወረቀት ላይ ሲደርስ ሳይነካው አለፈ።

ፈገግታዬን ለመተው አልደፈርኩም፤ እስከ ዛሬም። ጉንጬ አመመኝ። ቆምኩ።

አሥራ አራተኛው ወረቀት ተሳበ... ተመለሰ... ጸጥ አለ።

ከዚያ ማጅራቴ ላይ ያለው ፀጉር... ቀስ ብሎ... ወደ ኋላ ተሳበ።

ጆሮዬ ሥር፣ በረዥሙ፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ሰው...

«እምምም...»