የቀትር ጡብ

የስቱፓው ሆድ ተቀዷል።

ከጥንቱ ገዳም ፍርስራሽ መሐል ያለው ስቱፓ የሚባለው ትልቁ የጡብ ጉልላት፣ በደቡብ በኩል ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቶበታል። በውስጡ የኖረው የቡዳ ቅዱስ አጥንት ከነወርቅ ሙዳዩ የለም። ሽማግሌው ዘበኛ ፑንቺ ባንዳ እጁ በካቴና ታስሮ ከደረጃው ሥር ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጧል።

"ማን መታው?" አለች ኢንስፔክተር ማላኒ።

ኮንስታብል ጋሚኒ ቀበቶውን አስተካከለ። "ወድቆ ነው።"

"በከንፈሩ?"



"ጠዋት ስጠርግ ደህና ነበር፣ እመቤቴ" አለ ሽማግሌው። "ቀትር ላይ ምሳዬን ልቀምስ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ይኸው። ጣቢያ ሮጬ የተናገርኩትም እኔው ነኝ።"

"ሌባ ቀድሞ ይጮኻል" አለ ጋሚኒ። "ጋሽ ኒሃል በመኪና ሲያልፉ፣ ሲቆፍር በዓይናቸው አይተውታል። ዱካውም የባዶ እግር ነው። በባዶ እግሩ የሚሄደው ማነው?"

ኒሃል የሩዝ ወፍጮ ባለቤት፣ የምእመናን ማኅበር ሊቀመንበርም ነው። በመንደሩ ቃሉን የሚጠራጠር የለም።

"እዚህ ላይ ጫማ አድርጎ የሚወጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?" አለች ማላኒ።

"አላውቅም።"

"አንተስ ወጥተህ ዱካውን አይተኸዋል?"

"ከዚህም ይታያል።"

ማላኒ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ጡቡ ግን ገና እሳት ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ መዝለል ጀመረች። በቀዳዳው አፍ የፈሰሰው ቀይ አቧራ በዱካ ተወቅጧል፤ የጣት ጫፍ ብቻ፣ የተረከዝ ጠርዝ ብቻ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ዞር ብላ የራሷን ዱካ አየች። ልክ እንደዚያው ነው።

"አባባ፣ እስቲ ይምጡ።"

ሽማግሌው ካቴናውን እያንቃጨለ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። አቧራው ላይ ዱካው ከጣት እስከ ተረከዝ ሙሉ ሆኖ ታተመ።

"አያቃጥልዎትም?"

"ምኑ?"

ማላኒ ወደ ታች ጮኸች። "ጋሚኒ፣ ና ካቴናውን ፍታ። በቀትር እዚህ ቆሞ ይህን ሁሉ ጡብ የነቀለ ለስላሳ እግር ዛሬ መራመድ አይችልም። ሽማግሌውን ሲቆፍር አየሁ ያለው ማን ነበር?"

ኒሃል በቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት፤ በዚያ ሙቀት እግሩ ላይ ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርጓል። ከግቢው ማዶ ያስገነባው አዲስ ስቱፓ በኖራ ነጥቶ፣ ከመንደሩ ቤተ መቅደስ ልቆ ቆሟል።

"ልጄ፣ ግቢ። ያ ሌባ አመነ?"

"ቃልዎን ልቀበል ነው። ይምጡና የቆሙበትን ያሳዩኝ።"

"ጉልበቴን ያመኛል።"

"እንግዲያው አዲሱ ስቱፓዎ ድረስ አብረን እንሂድ። ልሳለም።"

"ገና ባዶ ነው። አጥንት የሌለበት ስቱፓ የጡብ ክምር ነው።"

"መቼ ይገባበታል?"

"ጨረቃ ስትሞላ።"

"ከየት መጥቶ? የገዳሙ ሊቀ መነኩሴ እርስዎ የለመኑትን ሌላ አጥንት የሰጡት ለጎረቤት መንደር አይደለም እንዴ?"

ኒሃል በመንደሩ መንገድ ላይ ዓይኑን ተከለ።

"እግርዎን ያሳዩኝ።"

"ምን አልሽ?"

ጨርቁን ራሷ ገፈፈችው። ቤተ መቅደስ ሲገባ ምንጣፍ የሚነጠፍለት ሰው፣ ውስጥ እግሩ በሙሉ ተልጦ ውሃ ቋጥሯል። ሙዳዩ በመኝታ ቤቱ የጸሎት ጠረጴዛ ላይ፣ ከተከመረው ጃስሚን አበባ ሥር ተገኘ።

ኒሃል አልለመነም፤ ተቆጣ። "እዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ማን ይሰግድለታል? ጦጣ ነው? እኔ ነጭ ቤት ሠራሁለት። ሊቀ መነኩሴው ነፈጉኝ እንጂ መስረቅ መች ፈለግሁ? ደግሞም አላረከስኩም፤ ጫማዬን አውልቄ ነው የወጣሁት።"

"ለአጥንቱ ጫማ አወለቁ" አለች ማላኒ። "በውሸትዎ እስር ቤት ሊሞት ለነበረው ሰውዬስ?"

"እሱማ ዘበኛ ነው" አለ ኒሃል፤ ጥያቄው በእውነት አልገባውም።

በማግስቱ ሙዳዩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ግንበኛ ግን ዘገየ።

"ጫማህን አውልቅና ወጥተህ ቀዳዳውን ጠብቅ" አለችው ማላኒ ጋሚኒን።

"ቀትር እኮ ነው፣ ኢንስፔክተር።"

"አውቃለሁ።"

ጋሚኒ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ አንዱን እግር ሲያነሳ ሌላውን ሲጥል፣ እጁን ጡቡ ላይ ሲያስደግፍ መልሶ ሲያነሳ ታየ። ፑንቺ ባንዳ ከጎጆው ሰሌን ጠቅልሎ አመጣና፣ ወደ ስቱፓው ወጥቶ ከጋሚኒ እግር ሥር ዘረጋለት።

"ይተዉት አባባ" አለች ማላኒ ከታች። "ይቃጠል።"

"ለእሱ ብዬ አይደለም" አለ ሽማግሌው ባበጠ ከንፈሩ። "ሲዘል ጡቡን ያረግፍብኛል።"