ከኡራኤል ደጅ የቆመው ታክሲ

ሹፌር የሌለው ታክሲ አሜሪካ፣ ላንድማርክ በሚባል ሰፈር፣ እነ ውቢት አፓርትመንት በር ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ። የወረደ ሰው የለም።

ውቢት ጎንበስ ብላ አየች። ወንድሟ ሳህሉ ቀበቶውን እንዳሰረ፣ ኮፍያው ግንባሩ ላይ እንደተደፋ ተቀምጧል። እጁን ያዘችው። በረዶ!

«ደርሰዋል፤ ዕቃዎን አይርሱ» አለ መኪናው። ደጋግሞ አለ።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። አስከሬኑ በማግስቱ ወደ አገር ቤት ሊጫን ሆነ።

«አይጫንም» አለች ውቢት። «ወንድሜ ጤነኛ ነበር።»

«ውቢቴ፣ ግትርነትሽን ተይው» አላት እጮኛዋ ፋኑኤል። ሳህሉን ከወንዙ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቱ ያሳፈረው እሱ ነው። «ትንሽ ጠጥቶ ነበር። ደውዬለት እንኳ ‹ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ልደርስ ነው› ብሎኛል።»

ሠርጋቸው ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ውቢት ግን ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

መርማሪዋ ኤልዳና እዚሁ የተወለደች ናት። «እትዬ ውቢት፣ የታክሲው ካሜራ ቪዲዮ ኖርማል ነው። ፋኑኤል ደግፎ አስገባው፣ ከዚያ ሳህሉ ተኛ።»

«አሳዪኝ።»

«ለእርስዎ ይከብዳል—»

«አንቺ ልጅ፣ አሳዪኝ አልኩሽ!»

ቪዲዮው ላይ ታክሲው ጥቂት ሄዶ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመ። ንግሥ ነበር። መኪናው መንዳት የተማረው እግረኛ በማይታይበት ሰፊ የበረሃ ከተማ ነው። እዚህ ነጭ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል፤ ግማሹ ይሰግዳል፣ ግማሹ ለደጁ ጀርባ ላለመስጠት ወደ ኋላ ይራመዳል። መኪናው የሚመጣውን ከሚሄደው መለየት አቃተው። ለረጅም ጊዜ ተገተረ።

ከበሮው በመስኮቱ አጠገብ አለፈ። እልልታው ቀለጠ። አንዲት ሕፃን ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ለሳህሉ እጇን አወዛወዘች። ትንሽ አየችው። እጇን አወረደች፤ ወደ እናቷ ሮጠች።

ድንገት የሳህሉ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ብርሃን በራ። ስልኩ ነው። በራ፣ በራ፣ ጠፋ። እጁ ከጭኑ አልተነሳም።

«ማነው የደወለው?»

ኤልዳና የስልኩን የጥሪ መዝገብ አየች። «ፋኑኤል።»

«ይሄ ነው ድልድዩ?»

«ኖ… ገና ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።»

ፋኑኤል ተጠራ።

«ስንት ጊዜ ደወሉለት?»

«አንዴ።»

«አነሳ?»

«አነሳ አልኩ እኮ! ድልድዩን አልፎ ነበር።»

ኤልዳና ስክሪኑን አዞረችለት። ፋኑኤል ነጭ የለበሰውን ሕዝብ አየ። የሚበራውን ኪስ አየ።

«መኪናው… ሳይቆም ነበር እኮ የሚሄደው፤ ያኔ ድልድዩን ማለፍ ነበረበት» አለ።

አስከሬኑ እንደገና ተመረመረ። ሳህሉ በትራስ ታፍኖ ነበር የሞተው። ፋኑኤል ዴንቨር ሚስትና ልጆች አሉት። ሳህሉ ደርሶበት «ዛሬ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ» ብሎት ነበር።

«አንቺን እንዳላጣ ብዬ ነው፣ ውቢቴ» አላት ካቴና ሲገባለት።

ውቢት አላለቀሰችም።

«ከቀብር ስመለስ በር ላይ ውሃ ይዘህ እጄን የምታስታጥበኝ አንተ ነበርክ እኮ» አለችው።

ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።