የታሸገው ብልቃጥ

ልብስ ሰፊው ሲሞት ሰውነቱ ካንሶላው በታች መኖሩ እንኳ አያስታውቅም ነበር። ኤችአይቪ በደሙ ይዞ አሥራ አንድ ዓመት ጉንፋን ሳይደፍረው የኖረ ሰው፣ በዓመት ተኩል ቀልጦ አለቀ። ነገሩ ያልተዋጠለት ሐኪም መርማሪዋን አስጠራ።

መርማሪዋ ሚስቱን ስፌት መኪናው አጠገብ አነጋገረቻት።

«መድኃኒቱን ይዘል ነበር?»

«አንድ ቀን አልዘለለም፤ ውሃ የማቀብለው እኔ ነኝ። በሽታውን የነገረኝ ሳንጋባ ነው። መድኃኒቱን እስከዋጠ ድረስ ወደኔ እንደማያልፍ ሐኪሙም አስረድቶናል።»

«ከክሊኒኩ ማን ያመጣለታል?»

«የሞተችው የመጀመሪያ ሚስቱ እህት። እዚያው መድኃኒት አዳይ ናት። ቂም የማታውቅ ሴት።»

የሟቹ ወንድም ትከሻውን ሰበቀ። «የሰው ገላ አንድ አይደለም። የመጀመሪያ ሚስቱ በዚሁ በሽታ በሁለት ዓመት ነው ያለቀችው። እሱ ዕድል ነበረው፤ ዕድሉ አለቀ።»

መልሱ ለመርማሪዋ አልጣማትም። መደርደሪያው ላይ እሽጉ ያልተነካ ብልቃጥ አግኝታ ላቦራቶሪ ላከችው። በሳምንቱ ሚስቱን፣ ወንድሙንና አዳይዋን እዚያው ስፌት ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ሰው መድኃኒት እየዘለለ ቢውጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል» አለች። «በሟቹ ደም ውስጥ የተገኘው ግን አልለመደም። በዚህ ዓመት ተኩል መድኃኒት ጨርሶ አላገኘውም ማለት ነው። ሚስቱ በየቀኑ ሲውጥ አይታለች፤ እንግዲህ የዋጠው ሌላ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ተለውጦ እንዳንል፣ የታሸገውም ብልቃጥ ቫይታሚን ነው የያዘው። የደም ምርመራ ቀጠሮውን ሁለቴ ያራዘመችው ደግሞ ብልቃጡን ያሸገችው ናት።»

አዳይዋ አላንገራገረችም።

«እህቴ ሳንባ ነቀርሳ ደርቦባት ስታስል፣ እሱ መድኃኒቱን ከልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮው እያወጣ ተደብቆ ይውጥ ነበር። በሽታው እንዳለበት አልነገራትም። ሰው ‹ገላዋ ደካማ ነው› አለ። ቆርቆሮውን ከቀብሯ በኋላ ያገኘሁት እኔ ነኝ። የሷን ሞት ስንዝር በስንዝር እንዲሞትልኝ ፈለግሁ። ሞተልኝ።»

ሚስትየው ከቀሚሷ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለአዳይዋ ሰጠቻት። «ትናንት ተመርምሬ ነበር» አለች።

አዳይዋ አነበበችው። ሥራዋ ነውና አስረጂ አላስፈለጋትም። በርጩማው ላይ ዘጭ አለች።

«እሱ እያወቀ እህትሽን ዝም አላት» አለች ሚስትየው። «አንቺም እያወቅሽ እኔን ዝም አልሽኝ። መድኃኒት ዛሬ እጀምራለሁ። ከሌላ ሰው እጅ።»