ሙጫው ያልደረቀ ሽፋን

ዳኘው በደባርቅ ኪነት ቡድን ቢሮ ውስጥ፣ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የማባዣ ማሽኑ ብረት እጀታ ወለሉ ላይ ወድቋል። ፊት ለፊቱ ለአብዮት በዓል ያዘጋጀው የሙዚቃ መጽሔት ሽፋን ተዘርግቷል። የዘፋኟ የሸጊቱ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት ሙጫ ገና አልደረቀም።

መቶ አለቃ ላቀው የተጠራው ከሌላ ሬሳ ሲመለስ ነው። በዚያ ዓመት ሬሳ ማንሳት ሰልችቶት ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ዘበኛውን ጠየቀ።

«ማን ገባ፣ ጋሼ ገሠሠ?»

«ጠዋት ጓድ ያርጋል ከዳኘው ጋር ገብቶ ብዙ ቆየ። እሱ ከወጣ ትንሽ ቆይታ ሸጊቱ ገባች። ገና እግሯ ሳይረግጥ ጮኻ ወጣች።»

«ሌላ ሰውስ?»

«በሩ አንድ ነው። እኔም ከዚያ አልተነቃነቅሁ።»

የቡድኑ ኃላፊ ያርጋል የሸጊቱን እጅ አስቀድሞ አሳስሯል። «እኔ ስወጣ ሽፋኑ ላይ ርዕሱ ብቻ ነበር» አለ። «አሁን ፎቶው ተለጥፎበታል፤ ከእኔ በኋላ ዳኘው በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከእኔ በኋላ የገባችው እሷ ናት። ወደ ጎንደር የሚሄደው መኪና ላይ ይጫኗት። ምን ያደክምዎታል?»

«ድሮም ደክሞኛል» አለ ላቀው። በዚያ መኪና ተጭኖ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየም።

ሸጊቱ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ለምን መጣሽ፣ ልጄ?»

«ዳኘው ጠርቶኝ። የበዓሉ መዝሙር ዜማ የእኔ መሆኑን ሽፋኑ ላይ ሊጽፍ ነበር። ጓድ ያርጋል ግን ‹የእኔ ነው› ብሎ ተሸልሞበታል፤ ውጭ አገር ለትምህርት ሊላክበት ነው።»

«ማን ያምንሻል?»

«ዳኘው አምኖኝ ነበር።»

ላቀው ከመደርደሪያው የቀድሞዎቹን እትሞች አወረደና አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ አኮርዲዮን ተጫዋቹን ታገኘን ጠራ።

«ዳኘው ፎቶ ሲለጥፍ እንዴት ነበር?»

«ሲያስቸግረን ነዋ። ፊቴ ወደ ገጹ ጠርዝ ከዞረ ፎቶዬን ወደ ሌላው ወገን ይወስደዋል። ‹ከመጽሔቴ ወጥተህ ጠላ ቤት ልትገባ ነው?› ይለኛል።»

ላቀው ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበ።

«በቀድሞዎቹ ሽፋኖች ላይ ዘፋኙ የሚያየው ወደ ርዕሱ ነው። እዚህ ላይ ግን ሸጊቱ ለርዕሱ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ጠርዙ ታያለች። ይህን የለጠፈው ዳኘው አይደለም።»

«ቸኩሎ ይሆናላ» አለ ያርጋል።

«ዙሪያውን በማስመሪያ አስምሮ፣ ፎቶውን በመቀስ ከርክሞ? የቸኮለ ሰው እንዲህ አይሠራም። ታዲያ ማን ነው? ሸጊቱ ገብታ ወዲያው ወጥታለች። ያ ለመምታት ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይበቃም። ጊዜ የነበረው ከእሷ በፊት የገባው ነው። የሚጠቅመውም እሱን ነው፤ እሱ ከወጣ በኋላ ዳኘው የኖረ ያስመስልለታል። ሙጫው እርጥብ መሆኑም አያሳስት፤ በዚህ ብርድ ቶሎ አይደርቅም።»

በመስኮቱ ወደ አደባባዩ አመለከተ። የሰልፍ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ የተሳሉት ገበሬና ወታደር ሁሉ ከሰሌዳው ውጭ፣ ሩቅ ያያሉ።

«እነዚያን የሚያዘጋጁት እርስዎ ነዎት፣ ጓድ ያርጋል። እጅዎ የለመደውን ሠራ።»

ያርጋል ሽፋኑን አየ።

«እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ስሟን እንዳይጽፍ ለመንሁት። እምቢ አለኝ።»

ላቀው ገመዱን ከሸጊቱ እጅ ፈትቶ በር ላይ ለቆመው ፖሊስ ሰጠው። ፖሊሱ ያርጋልን ይዞ ወጣ።

«ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት።

ሸጊቱ አልተነሳችም። «ዳባት ላሉት ለዳኘው እናት ማን ይነግራቸዋል?»

ላቀው ዐይኑን አሸ። በዚያ ሳምንት የስንት እናት ደጅ እንዳንኳኳ ማስታወስ አልፈለገም።

«እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለ።

«እኔ ልንገራቸው። እርስዎ ይረፉ» አለችና ነጠላዋን አደግድጋ፣ የዳኘውን ቃሬዛ ከሚያነሱት ሰዎች ጋር በእግሩ በኩል ያዘች።